አምባዛ ያስታረቀኝ ሐዋሳ

ከባሕር ዳር ሐዋሳ ድረስ ያለውን መንገድ አላወራውም፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት። እንቅልፌም እዚያው መኪና ላይ አልቋል መሰለኝ፣ ፔንሲዮን ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ ከቢምቢ ጋር ስታገል አደርኩ። አጎበሩ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ለዚህ 700 ብር!

ሊነጋጋ ሲል ወጥቼ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቀድመውኛል። ፍርድ ቤት እንደሚጠብቁ ራሰ በራ ሽማግሌዎች ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ጀልባ ስጠይቅ 800 ተባልኩ። ከኋላዬ የመጣው ልጅ በ300 ተሳፈረ። ተውኩት። «ጣና ይሄን የሚያህል 30 ሐይቅ ይውጣል» እያልኩ ለብቻዬ አጉረመረምኩ።

መረብ የሚጠግኑ ሰውዬ ሰምተውኝ ኖሯል።

«ና የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ አምባዛ ታውቃለህ?»

ጆንያ ገለጥ አደረጉ። ጥቁር፣ ቅርፊት የሌለው፣ ስምንት ጺም ያንዠረገገ ዓሣ። ሌሊት የወጣ ነው አሉኝ፤ አሁንም አፉን ይከፍታል። አጠገቡ ያሉት ቆሮሶዎች፣ ቲላፒያ የሚባሉት ዓሣዎች፣ ድርቅ ብለዋል። ጣና ዳር አድጌ ይህን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም፤ አፈርኩ።

«ጋሼ፣ እንዴት አልሞተም?»

«አየር ይስባላ!»

የታረደ አንስተው ራሱን ከፈቱልኝ። ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቀይ ነገር አለ። ከአየር የሚተነፍሰው በሱ ነው። ውኃ ሲጎድልበት በደረት ክንፎቹ እሾህ እየተደገፈ፣ በእርጥብ ሣር ላይ ተስቦ ወደ ሌላ ውኃ ይሻገራል። አደኑ በአብዛኛው ማታ ነው። ዓይኑ ኢምንት ስለሆነች በጨለማ የሚመራው ጺሙ ነው። ትንንሽ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት፣ ምን የማይውጠው አለ! ክረምት ሲገባ ጎርፍ የሸፈነው ሣር ላይ በሌሊት እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል። ዞር ብሎም አያይም።

«ቆሮሶ ግን እናት ናት» አሉ ሰውዬው፣ «እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍል።» አምባዛውን ያዩት ግን እንደ ባለጌ የወንድም ልጅ ነው፤ ይወዱታል።

ሾርባ ጋበዙኝ። አያቴ «ቅርፊት የሌለው አይበላም» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

«የምን ዓሣ ነው?»

«የቆሮሶ» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን አልደበቁትም። ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጌ ጠጣሁ። ሁለተኛውን ኩባያ ሲያስቀዱልኝ አልጠየቅኩም።