ድሪቶ፣ ከሳቢያን እስከ ጀጎል

ምን እንደምሠራ ስጠየቅ «ድሪቶ እሰፋለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ያፍሩልኝና «ለምን ኮምፎርት አትይውም?» ይሉኛል። የሥራዬን ክብር ሊጠብቁልኝ ፈልገው እንደሆነ ስለማውቅ አልቀየምም። ድሪቶ በአማርኛችን የድህነት ልብስ ስም ሆኖ የኖረ ቃል ነው፤ ሲቀደድ በእራፊ የተጣፈ፣ እራፊው ሲያልቅም ሌላ እራፊ የተደረበበት፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር እስኪጠፋ ድረስ የተደረተ ልብስ ማለት ነው። እኔ ይህን ስም የያዝኩት በአያቴ ድሪቶ ምክንያት ነው። በልጅነቴ ከለበስኳቸውና ከተኛሁባቸው ጨርቆች ሁሉ የእርሷን ድሪቶ ያህል የለሰለሰ አላስታውስም። ጉንጬን አስደግፌበት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ምን እንዳለሰለሰው የገባኝ ግን እኔው መርፌ ይዤ ብዙ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

የምሠራው ልብስ እንደ ቀሚስ የሚለበስ ሳይሆን ሲተኙ የሚደርቡት ነው፤ ሦስት ንብርብርም አለው። ከላይ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው ፊት፣ ከመካከል ሙሌቱ፣ ከታች ደግሞ ገበሩ ይሆናል። ሦስቱ እንዳይለያዩ ከፊት እስከ ገበር በሚያልፍ ስፌት ይያያዛሉ፤ በመጨረሻም ጠርዙ በቀጭን ጨርቅ ይዘመዘማል። ሲነገር ይህን ያህል ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ጨርቅና ተመሳሳይ ጥጥ ተሰጥቷቸው ሁለት ሰዎች ቢሰፉ የአንዱ ልብስ ሰውነት ላይ ፈስሶ ሲያቅፍ የሌላው እንደ ካርቶን ቆሞ ሊቀር ይችላል። እኔ ስዞር የኖርኩት ይህን ልዩነት ፍለጋ ነው።

የመጀመሪያው መንገዴ አጭሩ ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቴ ተነሥቼ ወደ ሐረር እወጣለሁ። ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠው ይህ መንገድ በደንገጎ ዳገት ተጠማዝዞ ይወጣና በአደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ በስስ ሽቲ የተሳፈረች ሴት ከ1,800 ሜትር በላይ ያለችው ሐረር ስትደርስ ነጠላዋን ትደርባለች። ይህን ልዩነት የማነሣው ለሥራዬ ከሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ስለሆነ ነው። ለሐረር ሌሊት የተሰፋ ልብስ ድሬዳዋ ላይ ሰው ያሰቃያል፤ ለድሬ የተሰፋውም ሐረር ላይ አያሞቅም።

ሐረር ስደርስ የማመራው በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላን ከግድር መጋላ ወደሚያገናኘው መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ሲሆን፣ ሰፊዎቹ ዛሬም በጠባቡ መንገድ ዳርና ዳር መኪኖቻቸውን ደጅ አውጥተው ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ይሰፋሉ። ከእግራቸው ሥር የሚከማቸው ቁርጥራጭ ለእነርሱ ጥራጊ ነው፤ ለእኔ ግን የዕቃ ቤቴ ግማሽ ነው። አንድ አዛውንት ሰፊ ከሩቅ ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ቀለም ነው የጎደለሽ?» ይሉኛል። «አባባ፣ ነጭ ፖፕሊን ካለህ እሱን አስቀድምልኝ» እላለሁ። ከመኪናው ሥር በእግራቸው ገፋ ያደርጉልኛል፤ እኔም ቁጢጥ ብዬ እለቅማለሁ።

ከለቀምኩት ሁሉ ለሥራ የሚሆነው ከግማሽ ያንሳል። የሐረሪ ሴቶች ቀሚስ የሚሰፋበት አትላስ ዓይን የሚማርክ ጨርቅ ነው፤ ቀይና ሐምራዊው በፀሐይ ላይ ሲታይ እጅ ያሳሳል። ነገር ግን ስለሚንሸራተትና ጠርዙ ስለሚተረተር ከጥጥ ጨርቅ ጋር ተገጣጥሞ አንድ ዓመት መቆየት ይከብደዋል። ስለዚህ ፊቱ ላይ አላስገባውም፤ ለልጆች በምሰፋው ልብስ ላይ ግን ጠርዙን የምዘመዝመው በእርሱ ነው። ልጆች እንቅልፍ ሲመጣባቸው ለስላሳና ቀዝቃዛ ጠርዝ በጣታቸው ማሸት ይወዳሉ። ከፋይም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን የተኛ ስለሆነ ሁለት ቁራጮች በተቃራኒ ከተገጠሙ አንዱ ጠቆር ሌላው ፈካ ብሎ ይታያል፤ እጅም ሲያልፍበት በአንዱ ላይ ይሄድና በሌላው ላይ ይገታል።

ከሁሉ የምወደው ብዙ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ነው። ያረጀ አንሶላ፣ አንገቱ ብቻ የተበላ የወንድ ሸሚዝ፣ ልጅ ያደገበት ፒጃማ ባገኝ አዲስ ጣቃ ከማግኘት ይልቅ ደስ ይለኛል። አዲስ ጨርቅ በፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ ስለሚኖርበት ሲነኩት ደረቅ ነው፤ እየታጠበ ሲሄድ ግን ማጠንከሪያው ይለቅና ክሩ ይፍታታል። በዚህ ምክንያት ከቀፊራም ሆነ ከሌላ ገበያ አዲስ ጨርቅ ስገዛ ሳልቆርጠው በፊት በሞቀ ውኃ አጥበዋለሁ። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራልና፣ ታጥቦ የተሰፋና ሳይታጠብ የተሰፋ ቁራጭ ጎን ለጎን ከዋለ ልብሱ ይጨማደዳል። ጨርቁን የምፈትነው በእጄ መዳፍ አይደለም፤ የሰፊ መዳፍ በመርፌ የደነደነ ስለሆነ ያታልላል። የምፈትነው በጉንጬ ወይም በክንዴ ውስጠኛ ቆዳ ነው፤ ልብሱ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነውና።

ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ያስለቀሰኝን ቀን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሻጩ አይለቅም ያለኝን ደማቅ ቀይ ጨርቅ ሳልፈትን ከነጭ ጋር አሰለፍኩ። ለአንዲት አራስ እናት ያደረስኩት ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ተመለሰልኝ። የሁለት ወር ሥራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ በእርጥብ ነጭ እራፊ አጥብቄ አሸዋለሁ፤ እራፊው ቀለም ከያዘ እስኪጠራ ድረስ ለብቻው ደጋግሜ አጥበዋለሁ፤ ካልጠራ ጨርቁን እተወዋለሁ።

ስለ ሙሌቱ ብዙ የምለው አለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስመለስ አንድ ጊዜ አዋሽን ተሻግሬ ወደ ሰሜን በመታጠፍ መልካ ወረር ድረስ ሄጃለሁ። መካከለኛው አዋሽ የጥጥ አገር ነው፤ በወንዙ ውኃ በመስኖ የለማው ማሳ ፍሬው ሲፈነዳ ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከማሳ የሚመጣው ጥጥ ግን እንዲሁ ልብስ ውስጥ አይገባም። ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል፤ ከዚያም በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። እናቶቻችን ለጋቢ የሚፈትሉት ይህንኑ ባዘቶ ነው። እኔ ሳልፈትለው ስስ አድርጌ በገበሩ ላይ አነጥፈዋለሁ። በደንብ የተነደፈ ባዘቶ እንደ ጉም የቀለለና ሰውነት ላይ የሚተኛ ሙሌት ነው፤ ላብን ስለሚመጥጥ ለእኛ አየር ይስማማል።

ክፋቱ እንደተነጠፈ አለመቆየቱ ነው። በማያያዣ ስፌቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ባዘቶው በእጥበት ይሸሽና አንዱ ጥግ ላይ ይቋጠራል። በፋብሪካ ተጣብቆ በጥቅል የሚሸጠው የፖሊስተር ሙሌት ግን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ድረስ ይታገሣል። ታዲያ እንዳይሸሽ በመፍራት ስፌቱን ያለ ልክ ማቀራረብ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ስፌት በበዛ ቁጥር በንብርብሩ መካከል ያለው አየር ይጨመቃል፤ አየሩ ከወጣ የልብሱ ሙቀትም ልስላሴም አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያ ሥራዬ የተበላሸው በዚህ ነበር። ለድሬዳዋ ደንበኛ ወፍራም ፖሊስተር ሞልቼ፣ ጥበቤን ላሳይ ብዬ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በመኪና ሰፋሁት። ሞቃትም ደረቅም ሆነ፤ ሴትዮዋ ለጨዋነቷ ተቀበለችኝና ከሁለት ሳምንት በኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ከዓመታት በፊት ካይሮ ሄጄ ባብ ዙወይላ ከሚባለው እ.ኤ.አ. በ1092 ከተሠራው በር ፊት ለፊት ያለውን የድንኳን ሰፊዎች መንገድ አይቻለሁ። ሥራቸው ኸያሚያ ይባላል፤ ወንዶች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ባለቀለም ጨርቅ እየቀደዱ በመርፌ በሸራ ላይ ይለጥፋሉ። የአንዳንዱ ሐረግ ጥራት ለማመን የሚከብድ ስለነበር ግማሽ ቀን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አልተነሣሁም። ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፉ የማይታይ ስፌት የሚጥሉበትን መንገድ ያየሁት እዚያ ነው፤ እስከ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም አንዱን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ሳደርገው አልተቀመጠልኝም። ለድንኳን ግድግዳ የተወለደ ጥበብ ስለሆነ ሸራው እንዲቆም ነው የተፈለገው። ሰውን የሚያቅፍ ልብስ በአንጻሩ መውደቅና መተጣጠፍ አለበት።

ለዚህ ዓይነቱ መውደቅ የቤንጋል (የባንግላዴሽና የምሥራቅ ሕንድ) እናቶች ሥራ የተሻለ ይመስለኛል። ካንታ የሚሉት ልብሳቸው ያረጁ ሳሪዎች ተደራርበው፣ ያለ ሌላ ሙሌት፣ ረድፍ በረድፍ በሚሄድ ቀላል የእጅ ስፌት የሚያያዙበት ነው፤ ቀድሞ ክሩንም ከሳሪው ጠርዝ መዝዘው ያወጡ ነበር። ይህን ሳነብ ያሰብኩት አያቴን ነው። እርሷም ክር የምታወጣው ካለቀ ነጠላ ጥለት ነበር። ጋቢያችንም ቢሆን አራት ንብርብር ፈትል እንጂ ሙሌት የለውም፤ በታጠበ ቁጥር ግን እየለሰለሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለድሬዳዋ ሰው ስሰፋ ሙሌቱን ፈጽሜ ትቻለሁ። ሁለት ብዙ የታጠቡ አንሶላዎችን በመካከላቸው አንድ ያረጀ ነጠላ አድርጌ፣ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ሳላጠብቅ በእጄ እሰፋለሁ። በግንቦት ሌሊት እንኳ ሆድ ላይ ጣል የሚደረግ ልብስ ይወጣዋል።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሞላት። እኅቴ የምትኖረው ሐረር ስለሆነ ለልጅቱ ባዘቶ ያለበትን ሰፋሁላት። ከአንድ ዓመት በታች በሆነ ሕፃን አልጋ ላይ ልቅ መሸፈኛ እንዳይኖር የሕፃናት ሐኪሞች ይመክራሉና እስከዚያ ድረስ እጄን ሰብስቤ ቆይቼ ነበር። መጠኑ 90 በ110 ሴንቲ ሜትር፣ ከ99 ካሬዎች የተገጠመ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ተሰፍቶ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 11.2 አድርጌ ቆረጥኩ፤ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ስፌት ይገባል። በየጎኑ በ1 ሚሊ ሜትር ብሳሳት በ11 ካሬ ርዝመት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጎድል እዚህ ላይ ቸኩዬ አላውቅም። ሁሉንም የቆረጥኩት የክሩን አካሄድ ተከትዬ ነው፤ ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና። ሦስቱን ንብርብር ወለል ላይ ዘርግቼ ከመሃል ወደ ዳር በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ሸለልኩት፤ ከዳር ጀምሬው ቢሆን ጭምድዱ መሃል ላይ ይጠራቀም ነበር።

የእኅቴ ባል ቤተሰብ የሚኖረው በጀጎል ውስጥ ባለ የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። የዋናው ክፍል መቀመጫ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄደው ነደባ ነው፤ ምንጣፍና ትራስ ይደረደርበታል። ልጅቱ ልብሱን ስሰጣት ቀለሙን ለማየት አልቆመችም። የአትላሱን ጠርዝ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያም ከነደባው ላይ ጎትታ አወረደችውና መሬት ላይ ተጠቀለለችበት። አያቷ «ተይ፣ ይቆሽሻል» ሲሉ እኔ ተማጠንኳቸው፤ እንዲቆሽሽ፣ እንዲታጠብ፣ እንደገና እንዲቆሽሽ ነው የሰፋሁት። በሦስተኛው ወር ሄጄ ስነካው ከእጄ ከወጣበት ቀን ይልቅ ለስልሶ ነበር፤ ባዘቶውም ከቦታው አልሸሸም።

ያን ቀን ስመለስ ከመኪና ግርግር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ይዣለሁ። ደንገጎን መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባና ነጠላዬን አውልቄ በማዳበሪያው ላይ አደረግሁት። ጠርዙ ሳስቷል፤ ጥለቱ ግን ገና ደህና ነው። ለሚቀጥለው የድሬ ልብስ ከሁለቱ አንሶላዎች መካከል የሚገባው እርሱ ነው።