ለወንድሜ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት ያገኘሁበት መንገድ

በቤቱ ውስጥ በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለው ሁሉ፣ ችግር ሳይደርስበት በፊት ይህን ቢያነብ እወዳለሁ፤ ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረምና። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ በመሆኗ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ይወስዳል። ሁለቱም ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሰጡ፣ ሁለቱም ሊቋረጡ የማይገባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ጎርፍ መንገድ ቢዘጋ፣ መብራት ለቀናት ቢጠፋ ወይም መድኃኒቱ ከገበያ ቢጠፋ ምን እናደርጋለን ብዬ ካሰብኩ በኋላ ቤት ውስጥ መጠባበቂያ ለማስቀመጥ ወሰንኩ። ሥራው በአብዛኛው ቀላል ነበር። ያስቸገረችኝ አንዲት እርምጃ ብቻ ናት፤ እርሷም በእጅ ካለው የወር ፍጆታ በላይ የሆነ መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ናት።

ምን ያህል ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ የአሜሪካ ቀይ መስቀልን የመሳሰሉ ድርጅቶች የ7 ቀን መድኃኒት አዘጋጁ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። 7 ቀን የተዘጋ መንገድ እስኪከፈት ይበቃ ይሆናል፤ የተቋረጠ የመድኃኒት አቅርቦት እስኪመለስ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የአገሪቱን የሌቮታይሮክሲን ምርት ከሞላ ጎደል ይሸፍን የነበረውን ፋብሪካ ስለጎዳው፣ ቤታቸው ምንም ያልደረሰበት የእንቅርት ሕሙማን ሳይቀሩ ለእጥረት ተጋልጠው ነበር፤ መድኃኒቱንም ከውጭ በአስቸኳይ ማስገባት ግድ ሆነ። ስለዚህ በየዕለቱ ለሚወሰድ ኪኒን፣ በመወሰድ ላይ ካለው ሌላ ቢያንስ የአንድ ወር፣ ቢቻል የሁለት ወር ትርፍ ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ግን ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት ማከማቸት ይሆናል።

የመጀመሪያው ሥራ በቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ መዝግቦ፣ የትኛው ቢቋረጥ አደጋ እንደሚያመጣ ሐኪምን መጠየቅ ነው። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ከኢንሱሊን ሌላ ለደም ግፊት የሚሰጡት ክሎኒዲንና ፕሮፕራኖሎል፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንም (የስቴሮይድ ዓይነት መድኃኒት ነው) በድንገት ሲቆሙ ከባድ ጉዳት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሟላት ስለማይቻል ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው።

የወንድሜ ሐኪም ሐሳቤን ስነግራቸው አልተቃወሙም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ሊመለስ እንደሚችል፣ መንቀጥቀጡም ከ5 ደቂቃ በላይ ሳይቆም ከቀጠለ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን ራሳቸው አስረድተውኝ የሁለት ወር ማዘዣ ጻፉልኝ። ማዘዣውን ይዤ ወደ ተቋሙ መድኃኒት ክፍል ስሄድ ግን በመስኮቱ የነበረችው ባለሙያ ወረቀቱን ገና እንዳየችው መለሰችልኝ። «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ከአንድ ወር በላይ አይሰጥም» አለችኝ። ደንቡ የት እንደተጻፈ ስጠይቃት ከበላይ የመጣ መመሪያ መሆኑን ነግራኝ ወደ አስተዳደር መራችኝ።

አስተዳደሩ ሐኪሙ ምክንያቱን በደብዳቤ ይግለጹ አለ። ደብዳቤው ሲመጣ ማኅተም የለውም ተባለ፤ ማኅተም ሲያርፍበት ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ሊፈርሙበት ይገባል ተባለ፤ ኃላፊው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ሳገኛቸው ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ «መድኃኒት ቤት ውስጥ ማከማቸት የሌላውን ሕመምተኛ ድርሻ መውሰድ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ሐኪሙ ያዘዘውን፣ ለአንድ ስሙና ካርዱ ለሚታወቅ ሕመምተኛ የተጻፈውን መድኃኒት እንደ ሌባ እንደምወስድ ተደርጎ ስለተነገረኝ ያን ቀን የተሰማኝ ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

የሚያስቆጨኝ ግን ከንግግራቸው ይልቅ ውሳኔው የቆመበት መሠረት የተሳሳተ መሆኑ ነው። ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ (በአእምሮ ላይ የሚሠሩ) መድኃኒቶች ስምምነት በ4ኛው ሠንጠረዥ የሚቆጣጠረው ነው፤ ስለዚህ እርሱን ከወር በላይ አንሰጥም የሚል ተቋም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ካርባማዜፒን ግን በዚያ ስምምነት ሠንጠረዦች ውስጥ የለም። አንድ ሰው «ፌኖባርቢታል» ብሎ መጻፍ ሲገባው «የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች» ብሎ የጻፈው ማስታወቂያ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ እንደ ሕግ ሲያነበው ኖሯል። እኔ ይህን ያወቅሁት የኋላ ኋላ ነው፤ በሙያው የተማሩት ግን ሊያውቁት ይገባ ነበር።

ይህ ምልልስ ገና ሳያልቅ የፈራሁት ደረሰ። ካርባማዜፒን ከተቋሙ መድኃኒት ክፍል አለቀ፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅም አልነበረም። የተጠየቀው የአንድ ወር ትርፍ በጊዜው ተሰጥቶን ቢሆን እጥረቱ ሳይነካን ባለፈ ነበር። ሌላ ቦታ ፈልገን ያገኘነው የሌላ አምራች ምርት ነበር፤ እርሱም እስኪገኝ ወንድሜ መድኃኒቱን ሳይወስድ የዋለባቸው ቀናት ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ርቆት የነበረው በሽታ በእነዚያ ቀናት ጣለው። ጉዳቱ ከግንባሩ መላጥ ያላለፈ ቢሆንም፣ ብቻውን መንገድ ለማቋረጥ የነበረው ድፍረት እስኪመለስለት ብዙ ጊዜ ፈጀ። ለዚህ ይቅርታ የጠየቀን የለም።

ነገሩን የፈቱት ከሥራ ዕረፍት የተመለሱ አንድ አንጋፋ ፋርማሲስት ናቸው። ማዘዣውንና ማኅተም የሞላበትን ደብዳቤ አይተው፣ ከመሳቢያቸው ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አወጡና ጣታቸውን እያሳረፉ ካርባማዜፒን እንደሌለበት ለባልደረቦቻቸው አሳዩ። መድኃኒቱ ተመልሶ ሲገባም የታዘዘውን በሙሉ ሰጡኝ። ከዚህ የተነሣ የምመክረው፣ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባል መመሪያው ራሱ በጽሑፍ እንዲታይ በትሕትና ነገር ግን ሳይታክቱ መጠየቅን ነው። ጥያቄውንም መስኮት ላይ ላለ ሠራተኛ ሳይሆን በቀጥታ ለዋናው ፋርማሲስት ማቅረብ ይሻላል። ሐኪሙ «ያለማቋረጥ የሚወሰድ፣ መቋረጡ አደገኛ የሆነ» ብለው ማዘዣው ላይ እንዲጽፉም ከመጀመሪያው መለመን ይበጃል።

ኃላፊው ስለሌላው ሕመምተኛ ድርሻ የተናገሩት ነገር በሌላ ቦታ እውነት እንደሚሆን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰዎች ለኮሮና ይጠቅማል በሚል ወሬ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ሲሻሙ፣ መድኃኒቱን በየዕለቱ የሚወስዱ የሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ሕሙማን አጥተውት ነበር። ነገር ግን ያ ጭንቅ ከመጣ በኋላ የተደረገ ሽሚያ ነው። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ሞልቶ ሳለ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ የራሱን መድኃኒት ጥቂት በጥቂት የሚያስቀድም ሕመምተኛ እጥረት በመጣ ቀን ከሰልፉ የሚወጣ ሰው ነው፤ ለሌላው ቦታ ይለቃል እንጂ ድርሻ አይወስድም።

የሁለት ወር ማዘዣ ፈጽሞ በማይፈቀድበት ቦታ ሌላ መንገድ አለ፤ ለእናቴ የተጠቀምኩትም ይህን ነው። ብዙ መድኃኒት ቤቶች የወሩ መድኃኒት ከማለቁ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቀጣዩን ይሰጣሉ። በየወሩ 5 ቀን ቀድሞ የሚወስድ ሰው በ6 ወር ውስጥ የ30 ቀን ትርፍ ይኖረዋል፤ የተለየ ፈቃድም አያስፈልገውም። አዝጋሚ ነው፤ ቢሆንም ከማንም ጋር አያጨቃጭቅም። ቀን መዝለል፣ መጠን መቀነስ ወይም ኪኒን መክፈል ግን መጠባበቂያ የማጠራቀሚያ መንገድ አይደለም፤ ይህን ሲመክር የሰማሁት ሰው ስላለ ነው በግልጽ የምጽፈው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ በመታጠቢያ ቤትና በማድ ቤት መድኃኒት አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ እርጥበት ያገኘው የካርባማዜፒን ኪኒን እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ኃይሉን ሊያጣ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ኪኒኖቹን ከመጀመሪያ ማሸጊያቸው አላወጣም፤ በጠርሙስ የመጡትንም እርጥበት ከሚመጥጠው ከረጢታቸው ጋር ክዳኑን አጥብቄ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አኖራለሁ። በሽያጭ ላይ ያሉትን የሳምንት መድኃኒት መከፋፈያ ሣጥኖች ለዕለት አገልግሎት እንጂ ለመጠባበቂያ አልጠቀምባቸውም። አዲስ የመጣው ከኋላ ይገባል፤ ከፊት ያለው፣ ማብቂያ ቀኑ የቀረበው ማለት ነው፣ አስቀድሞ ይወሰዳል። በዚህ ምክንያት የወንድሜ መጠባበቂያ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ኢንሱሊን የራሱ ጠባይ አለው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አጠገብ ግን መሆን የለበትም፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። ከማቀዝቀዣ የወጣው አብዛኛው ዓይነት ለ28 ቀናት ያህል ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ሊያገለግል ይችላል፤ ከዚህ ያነሰ ወይም የበለጠ ቀን ያላቸው ዓይነቶች ስላሉ የየራሱ ወረቀት መነበብ አለበት። መብራት በጠፋ ጊዜ ብልቃጦቹን ሁሉ ወዲያው መጣል ተገቢ አለመሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የወጡበት ቀን ይጻፍባቸውና ቆጠራው ከዚያ ይጀመራል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት፣ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ እንደሚታየው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት ለ4 ሳምንታት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደጠበቀ አሳይቷል። ይህ ለግድየለሽነት ፈቃድ አይሰጥም፤ ያለውን ብቸኛ ብልቃጥ በፍርሃት ከመጣል ግን ያድናል። መርፌና የስኳር መለኪያ ወረቀትም ከኢንሱሊኑ እኩል መቀመጥ አለባቸው፤ ወረቀቱም ማብቂያ ቀን አለው።

ስለ ማብቂያ ቀን ከተለመደው ምክር የምለይበት ነጥብ አለ። ቀኑ ያለፈ መድኃኒት በዚያው ዕለት ይጣል ይባላል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ክምችት በምርመራ ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከተፈተሹት 122 የመድኃኒት ምርቶች እሽጎች 88 ከመቶ የሚሆኑት ከማብቂያ ቀናቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አልፈውም ብቁ ነበሩ። እነዚያ በተቆጣጠሩት ሙቀትና በመጀመሪያ ማሸጊያቸው የኖሩ ስለሆኑ የየቤታችንን መሳቢያ አይወክሉም። ስለዚህ የእኔ ደንብ፣ አዲሱ እጄ ሳይገባ አሮጌውን ኪኒን አለመጣል ነው፤ ግድ ቢሆንብኝም ከመጠቀሜ በፊት ፋርማሲስት እጠይቃለሁ። ለኢንሱሊን፣ ለልብ ውጋት ከምላስ ሥር ለሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን፣ ለአድሬናሊን መርፌና በውኃ ለተበጠበጠ ሽሮፕ ግን ይህ አይሠራም፤ በእነርሱ ላይ ቀኑ እንዳለ ይከበራል።

አንቲባዮቲክ በመጠባበቂያዬ ውስጥ የለም፤ እንዲኖርም አልፈልግም። የምንወስዳቸው የዘወትር መድኃኒቶች በሐኪም የተመረመሩ፣ መጠናቸው የታወቀ ናቸው፤ ለማይታወቅ ትኩሳት ከመሳቢያ የሚወጣ አንቲባዮቲክ ግን ግምት ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰው ፔኒሲሊንን በራሱ ሐሳብ እያሳነሰ ወስዶ ተህዋሲያኑን መድኃኒቱን እንዲለምዱ ሊያደርጋቸው እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝም ከማንኛውም የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት አላካፍልም፤ ወደ ሕክምና እሸኘዋለሁ።

በመጨረሻ ያዘጋጀሁት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በጃፓን ሕሙማን የሚይዙት የመድኃኒት ደብተር በ2011ዱ አደጋ ጊዜ መዝገባቸው የጠፋባቸውን ለማከም እንደረዳ ካነበብኩ ወዲህ ያሰብኩት። በላዩ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን መደበኛ ስሙን፣ ከጎኑ የአምራቹን ስም፣ የኪኒኑን ሚሊግራም፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ የማይስማማቸውን መድኃኒትና የሐኪማቸውን ስልክ ጽፌአለሁ። አንዱ ቅጂ በሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱ በወንድሜ ኪስ፣ አንዱ ከማዘዣው ቅጂ ጋር ከቤታችን ርቃ በምትኖር እኅታችን ዘንድ ይገኛል። መጠን በተቀየረ ቁጥር ሦስቱንም የሚቀይረው ወንድሜ ራሱ ነው።