የሽቦ አጥሬ፣ እስካሁን የደረስኩበት

ኮምቦልቻ ዳር፣ ወደ ቦርከና በሚወርደው ሜዳ ላይ ያለችኝን ቦታ በእሾሃማ ሽቦ እያጠርኩ ነው። ውስጡ የፓፓያና የብርቱካን ችግኝ አለ። የሰፈሩ ፍየል ደግሞ ለጋ ቅጠል ካየ አይምርም። ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሽቦ መወጠሩ ቀላሉ ሥራ ነው። አጥሩን አጥር የሚያደርገው የማዕዘን ቋሚ ነው።

ለምን መሰላችሁ? አምስት መስመር ሽቦ ሲወጠር ጉተታው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ማዕዘን ላይ ያርፋል። መሀል ያሉት ቋሚዎች ሽቦውን በቦታው ይይዙታል እንጂ ጉተታውን አይሸከሙም። ማዕዘኑ ትንሽ ወደ ውስጥ ካዘመመ መስመሩ በሙሉ ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ ብትወጥሩት ብትወጥሩት ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የማዕዘኑን ቋሚ በሁለቱም አቅጣጫ አጋዥ ቋሚ ሰጠሁት። አጋዡ 2 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከላይ በኩል በአግድም እንጨት ይያያዛሉ። ከዚያ ወፍራም ሽቦ ከማዕዘኑ ቋሚ ግርጌ ተነስቶ ወደ አጋዡ አናት በሰያፍ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርድና ይታሰራል። በሁለቱ ሽቦ መሀል አጭር ብረት አስገብታችሁ ስታሽከረክሩት ጥርቅም ይላል። አቅጣጫውን ልብ በሉ። ከማዕዘኑ ግርጌ ወደ አጋዡ አናት ነው፤ ከተገላበጠ ምንም አይደግፍም።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውን እያወዛወዘ ያላላዋል። ለመሀል ቋሚ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ለማዕዘኑ 90 ቆፈርኩ። የወጣውን አፈር ግን መልሼ አልሞላሁበትም። ድንጋይና ጠጠር በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ በድጅኖ እጠቀጥቃለሁ። "ልጄ፣ ድምፁ ጥርት እስኪል ውቃው" ያሉኝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ሲጀመር ድፍን ያለ ድምፅ አለው፣ ጠጠሩ እርስ በርሱ ሲነካከስ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቋሚውን በትከሻችሁ ግፉት፣ ንቅንቅ አይልም።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከደሴ በኩል ሐረጎን ወርዶ የመጣ። ጽድ ምስጥን የበለጠ ይቋቋማል፣ ግን አገር በቀል ጽድ ለአጥር ሲቆረጥ ማየት አልወድም። ባሕር ዛፉን መላጥ ግድ ነው፤ ምስጥ ከቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ነው የሚበላው። ብዙ ሰው ግርጌውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። እኔ ወንዙ ቅርብ ስለሆነ፣ ዘይቱ እንዳይገባበት ብዬ በእሳት መለብለብን መረጥኩ። ለዘለቄታው አያድነውም፣ ያዘገይለታል።

ሽቦው ላይ ብዙ የምለው የለም። የታችኛውን መስመር ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አሰርኩት፤ በመስመሮቹ መሀል ያለው ክፍተት ከሥር ጠበብ፣ ወደ ላይ ሰፋ እያለ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ፍየል ከመዝለል ይልቅ መሽሎክ ይቀናታል። ባለ ሁለት ጫፉን የታጠፈ ሚስማር ትንሽ አዘንብላችሁ ምቱት፣ ሁለቱም ጫፍ በአንድ የእንጨቱ ቃጫ መስመር ላይ ካረፈ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መሀል ቋሚዎች ላይ እስከ መጨረሻው አትቅበሩት። ሽቦው በውስጡ መንሸራተት ከቻለ ሲረግብ ከማዕዘን ብቻ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል፣ የዝገት መከላከያ ልባሱም አይላጥም። ጓንት ወፍራም የቆዳ ይሁን። ስትወጥሩ ደግሞ በሽቦው አቅጣጫ ማንም እንዳይቆም፤ ከተበጠሰ ተመልሶ ነው የሚገርፈው።

የቀረኝ በሩና ቅንጭቡ ነው። ዝናቡ ሲይዝ ከሽቦው ሥር ቅንጭብ እተክላለሁ፤ ቁራጩ ቁስሉ ደረቅ እስኪል ጥላ ሥር ይቆያል። ወተቱ ዓይን ላይ መጥፎ ነውና ልጆች እንዳይነኩት። በሩ አይሱዙ እንዲያስገባ 3 ሜትር ተኩል ክፍት ትቻለሁ። ዋልካ ላይ ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር የሰቀላችሁ ካላችሁ፣ ቋሚው እንዳያዘም ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ።