ዓይን አያርፍም፦ በኦሲቲ ሬቲናን በፍጥነት ማንሣት፣ እስካሁን የደረስንበት

አንድ ሰው ነጥብ ላይ አፍጥጦ ሲቀመጥ ዓይኑ የቆመ ይመስላል። አልቆመም። ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ ድንገት ዘለል ይላል፣ ዝላዩም 25 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ልብ በመታ ቁጥር ጭንቅላቱ ከነዓይኑ ወደፊትና ወደኋላ ይላል። በኦሲቲ፣ ማለትም በብርሃን የውስጥ ንብርብሮችን በጥልቀት በሚያሳየው ዘዴ፣ ሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ስናነሣ ትግላችን ከዚህ ጋር ነው፤ የፍጥነቱን ልክ የሚወስነውም ይኸው ነው።

ሒሳቡን እንየው። ጨረሩ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ የሚሰጠው የጥልቀት መስመር ኤ-ስካን ይባላል፤ ኤ-ስካኖች ጎን ለጎን ሲሰለፉ አንድ ቁራጭ ምስል፣ ማለትም ቢ-ስካን ይሆናሉ። 500 በ500 የሆነ ቅኝት 250,000 ኤ-ስካን ይጠይቃል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1991 ከታተመ በኋላ ለክሊኒክ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች መስታወት እያንቀሳቀሱ ጥልቀት የሚለኩ ነበሩ፤ ፍጥነታቸውም ቢበዛ በሰከንድ 400 ኤ-ስካን ያህል ነበር። በዚያ አካሄድ ይህ ቅኝት ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በ20 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20,000 ኤ-ስካን፣ 12.5 ሰከንድ፣ በ100 ኪሎኸርዝ 2.5 ሰከንድ፣ ኤፍዲኤምኤል በሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱን እጅግ በፍጥነት በሚቀያይረው ሌዘር በ1.6 ሜጋኸርዝ ደግሞ 0.16 ሰከንድ ነው። በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሦስት ዝላይ አይቀርም። ቅኝቱን ከላይ ሆነን ስናየው ዝላዩ በገባበት መስመር ላይ የደም ሥሩ ተቆርጦ ወደ ጎን የተዛነፈ ይመስላል።

ፍጥነት የሚከፈለው በብርሃን ነው። በ840 ናኖሜትር ለረጅም ጊዜ ወደ ዓይን እንዲገባ የሚፈቀደው ኃይል በአሜሪካው የሌዘር ደኅንነት መለኪያ ሲሰላ 0.74 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ እኛ ከ0.7 አናልፍም። በ20 ኪሎኸርዝ እያንዳንዱ ኤ-ስካን 50 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም 35 ናኖጁል ይደርሰዋል። በ100 ኪሎኸርዝ ግን 10 ማይክሮሰከንድና 7 ናኖጁል ብቻ። አምስት እጥፍ ያነሰ ብርሃን ማለት 7 ዴሲቤል ቀነሰ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም ደብዛዛዎቹ ንብርብሮች ናቸው። ይህን ኃይል በመጨመር ማካካስ ፈጽሞ አይሞከርም። ገደቡን የምናሰላው ጨረሩ እንደቆመ አድርገን ነው፤ ጨረሩን የሚያዞረው የጋልቮ መስታወት ሥራ ላይ እያለ ቀጥ ሊል ይችላልና። ኃይሉ የሚለካው ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ጥርት ሽፋን) በሚያርፍበት ቦታ፣ በየቀኑ፣ ሰው ከመቀመጡ በፊት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ የማንም ዓይን አይነሣም፤ የራስም ቢሆን።

አሁን የምንሠራበት መሣሪያ 840 ናኖሜትር ላይ 50 ናኖሜትር ስፋት ያለው ምንጭና 2048 ፒክስል ካሜራ የተገጠመለት ስፔክትሮሜትር (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚለያይ መሣሪያ) አለው። የጥልቀት ጥራቱ በአየር 6.2፣ በዓይን ውስጥ 4.5 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። ስፔክትሮሜትሩ 100 ናኖሜትር ስለሚሸፍን የሚታየው ጥልቀት በአየር 3.6 ሚሊሜትር ነው። ካሜራውን ለማፍጠን ፒክስሎቹን በየሁለቱ አጣምሮ ወደ 1024 ማውረድ ያጓጓል፤ ጥልቀቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ዓይኑ ረጅም በሆነ፣ ማለትም የሩቁ በማይታየው ሰው ላይ የሬቲናው ጠርዝ ከምስሉ ጫፍ ያልፍና ተገልብጦ ይመለሳል፤ እንደታጠፈ ወረቀት በራሱ ላይ ይተኛል። ይህን ያየ ጀማሪ በሽታ ያገኘ ይመስለዋል።

ሰው ከማስቀመጣችን በፊት መሣሪያውን በመስታወት እንፈትሻለን። መስታወቱን በናሙናው ቦታ አስቀምጡና ካሜራው እንዳይጠግብ ብርሃኑን በማጥቆሪያ ፊልተር ቀንሱ፤ ከዚያ የማጣቀሻውን ክንድ (ብርሃኑ ለሁለት ሲከፈል አንዱ ወደ ናሙናው ሲሄድ ሌላው ለማነጻጸሪያ የሚሄድበትን መንገድ) በ0.5 ሚሊሜትር እየገፋችሁ የሲግናሉን ጫፍ ስፋት መዝግቡ። ጫፉ ቅርብ ላይ ቀጭን ሆኖ ጥልቀቱ ሲጨምር እየሰፋ ከሄደ፣ ከሞገድ ርዝመት ወደ ሞገድ ቁጥር (የርዝመቱ ግልባጭ) የምትቀይሩበት ሰንጠረዥ ተሳስቷል። በሁሉም ጥልቀት እኩል ከሰፋ ጥፋቱ የሁለቱ ክንዶች የብርሃን መበተን (የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች በተለያየ ፍጥነት መሄድ) አለመመጣጠን ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ብዙ ቀን ያባክናል። መስታወቱ ላይ የተስተካከለው ዓይን ላይ እንዳይበላሽ በማጣቀሻው ክንድ 25 ሚሊሜትር ውኃ የያዘ የብርጭቆ ሣጥን እናስገባለን፤ የአዋቂ ዓይን ርዝመት 24 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ይቀራረባሉ።

ወደ ሰው ስንመጣ ኮርኒያ ላይ የጨረሩ ስፋት 1.2 ሚሊሜትር ነው፤ ሬቲና ላይ 15 ማይክሮሜትር ገደማ ነጥብ ይሰጣል። ጨረሩ ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ የዓይኑ የራሱ መዛባት ነጥቡን መልሶ ያደበዝዘዋል፤ ያን የሚያርም፣ ቅርጹን የሚለዋውጥ መስታወት ከሌለ ትርፍ የለውም። ክፍሉን አጨልሙ፣ ብሌኑ ይስፋ። የምስሉ ሁለት ጎኖች ከጠቆሩ የዓይኑና የመሣሪያው ርቀት ልክ አይደለም፤ አይሪሱ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል) ጨረሩን እየከለለው ነው። ሬቲናው ወደ አንድ ጎን እንደ ቁልቁለት ካዘመመ ደግሞ ጨረሩ በብሌኑ መሐል አልገባም፤ አገጭ ማስደገፊያውን አንድ ሚሊሜትር ብታንቀሳቅሱት ምስሉ ዓይናችሁ እያየ ይቃናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚናቀው እንባ ነው። ሰውየው ዓይኑን ሳይጨፍን ሲቆይ የእንባው ሽፋን ይሰነጣጠቅና ምስሉ በየቦታው ይደበዝዛል፤ ሌንሱን እየነካኩ ትኩረት መፈለግ ያኔ ከንቱ ድካም ነው። «ሁለቴ ጨፈን ጨፈን ያድርጉ፣ አሁን መስቀሏን ይመልከቱ» (በመሣሪያው ውስጥ የምትታየውን የማፍጠጫ ምልክት) ብላችሁ ወዲያው አንሡ። በ3 ሰከንድ ገደማ ያልቃል።

የጋልቮውን ነገር ባጭሩ፦ 500 ኤ-ስካን በ100 ኪሎኸርዝ 5 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለመመለሻ 20 በመቶ ተዉለት። ለመስታወቱ የሚላከው ትእዛዝ ጫፉ ላይ ካልተለሰለሰ መስታወቱ ወደኋላ ይቀርና የምስሉ ጠርዝ ይጨማደዳል፤ በታተመ የካሬ ወረቀት ወዲያው ይታወቃል። የተረፈውን ዝላይ ለማረም አንዱን ቅኝት አግድም፣ ሁለተኛውን ቁልቁል አንሥተን እናስማማቸዋለን። ቢ-ስካኖቹን በጥልቀት በኩል ብቻ እያስተካከሉ ማደላደል ግን የሬቲናውን እውነተኛ ቅርጽ ጭምር ይሰርዛል፤ ውፍረት ለመለካት ግድ የለም፣ ቅርጽ ለሚያጠና ግን አይሆንም።

ፍጥነት ራሱ እንቅፋት የሚሆንበት ቦታም አለ፤ የደም ፍሰት ሲነሣ። አንዱን መስመር ደጋግመን አንሥተን የተለወጠውን እንፈልጋለን፤ በ5 ሚሊሰከንድ ልዩነት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ጥርት ብለው ይወጣሉ። በሜጋኸርዝ መሣሪያ ያው መስመር ከግማሽ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደገማል፤ በዝግታ የሚሄደው ደም ገና አልተነቃነቀምና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወዲያው መድገም ሳይሆን ቀጣዮቹን አሥር ያህል መስመሮች አንሥቶ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይሻላል፤ ልዩነቱ ወደ 5 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፣ አንድም ኤ-ስካን አይባክንም።