መሃሉ የጠቆረው ቀይ ስር

ባለፈው ሁዳዴ ነው። እማዬ ለሰላጣ የቀቀለችውን ቀይ ስር ላጠችና አንዱን ለሁለት ከፍላ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄን ከየት ነው የገዛኸው?» አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የተሸወድኩ መስሏታል። አልገዛሁትም፣ የገዛ ጓሮዬ ነው! መሃሉ ላይ ቡሽ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ነገር ተጋግሯል፣ ዙሪያው ግን ቀለበት ቀለበቱ ሳይቀር ቀይ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከ11ዱ 7ቱን ጣልን። አንዷን ቀምሻት ነበር፣ ትመራለች።

ያናደደኝ ከላይ ሲታይ የሰፈሩ አንደኛ መሆኑ ነው። ቤታችን ከጣና ዳር ሩብ ሰዓት በእግር ቢያስኬድ ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ ዘሩን ኅዳር ላይ ነው የጣልኩት። (የቀይ ስር ዘር አንድ ፍሬ ይመስላል እንጂ የፍሬዎች ጥቅል ነው፣ ከአንዱ ሁለትም ሦስትም ቡቃያ ይወጣል። ካላሳሳህ ሁሉም ቀጫጫ ይሆናል። ይህንንም በኪሳራ ነው የተማርኩት።) ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ሰጠሁት፣ ዩሪያ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተንዠረገገ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያደንቃል። እኔም ኮራሁ።

አሁን ሳስበው ምልክቱን አይቼዋለሁ። ጥር ላይ መሃል ያሉት ትንንሾቹ ቅጠሎች ተጠማዘው ጫፋቸው ጠቁሮ ነበር። ጋሼ የምለው ጎረቤታችን «ዩሪያ አንሶት ነው፣ ጨምርለት» አለኝ፣ ጨመርኩ። አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ደግሞ ቅጠሉን አሳየሁትና ሻጋታ ነው ብሎ የሚረጭ መድኃኒት አሸከመኝ። ረጨሁ። ምንም! ሦስታችንም ያየነው ጥቁረቱን ነው፣ የቱ ቅጠል ላይ እንደሆነ ግን ልብ አላልንም። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው፣ እሱ ሲያንስ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው፣ ምክንያቱም ተክሉ ናይትሮጅኑን ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። የኔው ቀይ ስር የጎደለው ግን ቦሮን ነበር፣ ተክል በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር። ቦሮን እንዲህ አይደለም። ቀይ ስር ውስጥ ቦሮን አንዴ ቅጠል ላይ ከደረሰ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሲያንስ የሚጎዳው አዲሱ ነው፣ መሃሉ፣ ልቡ። ውጪው አረንጓዴ ሆኖ ልቡ ይሞታል።

በቦሮን እጥረት እንደሆነ ያወቅሁት ስለ ስኳር ቢት ሳነብ ነው። ስኳር ቢት የኛው ቀይ ስር ዘመድ ነው፣ እንዲያውም ዝርያቸው አንድ ነው። ቆስጣም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነች። ልዩነቱ ስኳር ቢት ነጭና ወፍራም ካሮት መምሰሉ ነው። «ነጭ ቀይ ስር» ማለት ስለሚያስቅ ስኳር ቢት ልበለው። እኛ ስኳር የምንለው ከሸንኮራ አገዳ ነው፣ ወንጂም በሉት እዚሁ ጣና በለስ። አውሮፓ ግን በብዛት ከዚህ ሥር ነው የሚያወጣው። እ.ኤ.አ. በ1747 ማርግራፍ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በቢት ውስጥ ያለው ስኳር ከአገዳው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ፣ ነገሩ ከዚያ ተነሳ። የልብ መበስበሱንም ለብዙ ዓመት ሻጋታ ያመጣው በሽታ ነው ይሉት ነበር። ልክ እንደኔው ባለሱቅ! እ.ኤ.አ. በ1931 ብራንደንቡርግ የተባለ ተመራማሪ የቦሮን እጥረት መሆኑን አሳየ። ሻጋታው የሚመጣው ተክሉ ከቆሰለ በኋላ ነው።

ስኳር ቢት አምራቾች ደግሞ ጥራት የሚሉት ትልቅነቱን አይደለም። ሥሩ ስንት እጅ ስኳር አለው ነው ጥያቄው፣ ደህና ቢት ከ100 ኪሎ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ገደማ ስኳር ይዟል። ሁለተኛው ጥያቄ ከስኳሩ ጋር ምን አብሮት ገባ ነው። ፖታሲየም፣ ሶዲየምና አሚኖ ናይትሮጅን (ሥሩ ውስጥ የሚከማች የናይትሮጅን ዓይነት) ከበዙ ስኳሩ ፋብሪካ ውስጥ አልረጋ ይልና ሞላሰስ ወደሚባለው ወፍራም ጥቁር ተረፈ ምርት ይሄዳል። አሚኖ ናይትሮጅኑን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ እኔ ስደጋግም የነበረው ዩሪያ ነው፣ በተለይ ዘግይቶ ሲሰጥ። ቅጠል ይሰጥሃል፣ ስኳር ይቀንስሃል። ቦሮን በተቃራኒው የሴል ግድግዳውን አጥብቆ ይይዛል፣ ስኳሩ ከቅጠል ወደ ሥር እንዲወርድም ያግዛል። ማንጋኒዝ የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገርም ሲያንስ ቅጠሉ በቢጫ ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል፣ ያ ግን የሚብሰው ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ነው። ዚንክም አለ። ሁሉንም ቀላቅሎ መርጨት ግን የገንዘብ ጨዋታ ነው የሚመስለኝ፣ ያልጎደለን ነገር ቢጨምሩት ጥራት አያመጣም።

እኛ ጋ ቦሮን ለምን ያንሳል? ከባሕር ዳር ክረምት በላይ መልስ የለም። ቦሮን በውኃ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በጋው ሲመጣ የላይኛው አፈር ይደርቃል፣ ሥሩ ያለውንም መሳብ ያቅተዋል፣ እኔም ውኃ አጠጣሁ የምለው ማሰሮ እንደሚያጥብ ሰው ነበር። የአሲዳማ አፈርን ችግር ለማከም ኖራ የሚነሰንሱ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፣ ኖራው ሲበዛ ቦሮኑ ለተክሉ አይደርሰውም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአገሪቱ አፈር ሲመረመር ቦሮን በብዙ ቦታ አንሶ ስለተገኘ ነው ኤንፒኤስቢ የሚባለው ማዳበሪያ የመጣው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቢ» ቦሮን ናት። እኔ ሁሉንም በድሮው ማዳበሪያ ስም ዳፕ እያልኩ ስለምገዛ ቢ የሌለውን ነው የወሰድኩት። ቢ ያለበትም ቢሆን ቦሮኑ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፣ ቢት ደግሞ ለሄክታር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ንጹሕ ቦሮን የሚወድ ሰብል ነው።

መጋቢት ላይ እንደገና ዘራሁ። ቦሮን ያለበትን ቦሪክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት ገዛሁ። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ 6 ግራም በቂ ነው፣ ይህን የሚመዝን ሚዛን ግን ቤት የለኝም። ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ነጩን ዱቄት አይቶ እኔን አየኝ። «ለቀይ ስር ነው» አልኩት፣ አልሳቀም። ብቻ መዘነልኝ። ሙቅ ውኃ ውስጥ አሟሙቼ አንዱን መደብ አጠጣሁት፣ ሌላኛውን ተውኩት። ትንሽ ተርፎኝ ነበር፣ ከምደፋው ብዬ አጠገቡ ያለችው ቦሎቄ ላይ አፈሰስኩት። በሳምንቱ የቦሎቄዋ ቅጠል ዙሪያውን ተቃጠለ። ቢት የሚወደው መጠን ቦሎቄን ይገድላል፣ በሚበቃውና በሚመርዘው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። እባካችሁ በዓይን ግምት እንዳትጨምሩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነቀልኩ። ቦሮን ያገኘው መደብ ሁሉም ንጹሕ ነው። ካላገኘው ውስጥ ሦስቱ መሃላቸው ጠቁሯል፣ ከበፊቱ ግን ቀሏል፤ ምክንያቱም በዚህኛው ዙር ዩሪያ ቀንሼ ውኃውንም በደንብ አጠጥቻለሁ፣ ስለዚህ ሙሉ ምስጋናውን ለቦሮን አልሰጥም። እማዬ ይህን ሁሉ ነግሬያት «እሺ» ብላኛለች። አሁንም ግን ከጓሮዬ የመጣውን ድስት ውስጥ ከመክተቷ በፊት በቢላ ጫፍ ወጋ ታደርገዋለች።