ፎርኩ፣ አክስቴና የወገቤ ወሬ

የብስክሌቴ የፊት ፎርክ፣ ማለትም የፊት ጎማውን በሁለት እግሩ ይዞ ምት የሚያበርደው ክፍል፣ ባለ ሞላ ነበር። ሞላው ዝጓል፣ ቅባት ካየ ዘመን የለውም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ፔዳል በመታሁ ቁጥር እንደ ክረምት በር ይንጫጫል። ስወርድ ደግሞ ጭራሽ አይታጠፍም። የባሕር ዛፍ ሥር ላይ ስወጣ ምቱ ቀጥታ ክርኔ ጋ ይደርሳል። ክብደቱ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። ደህና የሚባል የአገር አቋራጭ ብስክሌት ባለ አየር ፎርክ፣ በሞላ ፈንታ የታመቀ አየር ያለው፣ 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ያቺ አንድ ኪሎ ዳገት ላይ ምን እንደምትሠራ የወጣ ያውቃታል።

ቨርጂኒያ ላለው የአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። ልጁ ቸር ነው፤ ግን የጠየቁትን ገዝቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ "የተሻለውን" ነው የሚገዛው። ይህን ስለማውቅ መልእክቱን በቁጥር ሞላሁት፦ ጎማ 29 ኢንች፣ እጥፋቱ (ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባው ርዝመት) 100 ሚሊሜትር፣ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱ 28.6 ሚሊሜትር። ከሥሩ "ከዚህ ሌላ አይገባም" ብዬ በሦስት ቃለ አጋኖ ዘጋሁት።

መልሱ መጣ። "ወንድሜ፣ በዚያው ዋጋ ባለ 140 አገኘሁልህ! ቱቦውም ወደ ታች እየወፈረ ነው የሚሄደው፣ ጠንካራ ነው። ለአንተ ደካማ ዕቃ አልገዛም።"

ደወልኩለት። 40 ሚሊሜትር ሲጨመር የብስክሌቱ ፊት ቀና እንደሚል፣ የመሪው አንገት ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ እንደሚተኛ፣ ዳገት ላይ የፊት ጎማው መንገዱን ትቶ እንደሚቅበዘበዝ፣ ለ100 የተሠራ ፍሬም በረዘመ ፎርክ አንገቱ ላይ ከአቅሙ በላይ እንደሚጫንበት አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝና "ትለምደዋለህ" አለኝ። ለካ ዕቃው እሱን ልትጠይቅ ሄዳ በምትመለሰው በአክስቴ ሻንጣ ገብቶ አልቋል።

ቦሌ ላይ የሆነውን አክስቴ ራሷ ናት በኩራት የነገረችኝ። ፍተሻው ላይ ረጃጅም ቱቦ ታየና ሻንጣው ተከፈተ። ፎርኩን በነጠላ ጠቅልላዋለች። "ምንድን ነው ይሄ ማዘር?" ሲሏት ልጇ የነገራት ትዝ አላት፤ "ወገብ እንዳይመታ የሚያደርግ ነው" ብሏት ነበር። "የእህቴ ልጅ ወገቡን ታሞብኝ" አለች። ፈታሹ አገላብጦ አየው። ከታች ሁለት እግር፣ ከላይ አንድ ዘንግ። የትኛው ጫፍ የት እንደሚገባ መጠየቅ አስፈርቶት መሰለኝ "እግዚአብሔር ይማረው" ብሎ ዚፑን ዘጋው።

ወሬውን እዚያው ብትተወው ምን ነበረበት? ሰፈር ድረስ ይዛው መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ "ወገብህን እንዴት አደረገህ?" የማይለኝ የለም። የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ሊጠይቁኝ ብርቱካን ይዘው መጡ። ብርቱካኑን በልቻለሁ፣ ጣፋጭ ነበር።

ፎርኩን ይዤ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጋሼ የፍሬሙን አንገት ከውስጥ ለኩት፤ 34 ሚሊሜትር። የፎርኩን ቱቦ ከታች በኩል ለኩት፤ 40 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ዝም ብለው እኔን አዩ፣ ፍሬሙን አዩ፣ ቀጥሎ መዶሻቸውን አዩ።

"ጋሼ፣ አይሆንም።"

"ቀስ አድርጌ ነው።"

"ኧረ በቀስታም አይሆንም!"

"እንግዲያው ከውስጥ በሞረድ ሰፋ እናድርግለት።"

ብስክሌቴን አቅፌ ወጣሁ።

ደግነቱ አብሮኝ እንጦጦ የሚወጣ ልጅ አለ። የእሱ ፍሬም አንገቱ ሰፊ ነው፣ ሲሠራም ለ140 የተሠራ ነው። ከድሮው ብስክሌቱ የተፈታ፣ ቱቦው ቀጥ ያለ፣ ባለ 100 ሚሊሜትር የአየር ፎርክ አልጋው ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ተቀያየርን። አዲሱን ሰጥቼ አሮጌውን ስቀበል ሳቁን መደበቅ አቃተው፤ እኔ ግን የሚገባ ነገር አግኝቻለሁና አልቆጨኝም።

የቀረው አየሩ ነው። እንዲህ ያለ ፎርክ የራሱ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ ውስጡ ጠባብ፣ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ በጎማ ፓምፕ ልክ አይገባለትም። ልጁ ፓምፑን ለሌላ ሰው አውሶታል፣ እኔ ደግሞ እስኪመለስ የምጠብቅበት አንጀት አልነበረኝም። ጎሚስታ ጋ ሄድኩ።

"ስንት ላርግልህ?"

ከፎርኩ እግር ጀርባ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ለ72 ኪሎዬ የአየር ግፊቱ 80 ፒ.ኤስ.አይ ይሁን ይላል። "80" አልኩት።

"80? ሲኖትራክ ነው እንዴ!" ብሎ ኮምፕረሰሩን ሰካው። አንዴ "ጢስ" አለ፤ ፎርኩ ተወጥሮ ድርቅ አለ፣ ሁለታችንም ተጭነነው አልነቃነቅ አለ። "በዛ መሰለኝ" አለና ቫልቩን በምስማር ነካ ሲያደርገው ከአየሩ ጋር ጠብታ ዘይት ወጥቶ ጉንጩ ላይ አረፈ፤ ብስክሌቴም ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ሰገደ። ሞላ፣ አስተነፈሰ፣ ደግሞ ሞላ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ የባጃጅ ሹፌር የራሱን ትቶ የእኔን ያማክር ጀመር።

በመጨረሻ ልክ የመጣ መሰለን። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ፎርኩ እግር ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ታች ገፍቶ በቀስታ ብስክሌቱ ላይ መቀመጥ፤ ፎርኩ ሲታጠፍ ቀለበቷን ወደ ላይ ይገፋታል፣ የደረሰችበት ይለካል። ከ100 ሚሊሜትሩ 20 ያህሉ ከታጠፈ ለአገር አቋራጭ ደህና ነው። የባጃጁ ሹፌር መሪውን ያዘልኝ፣ ወጣሁ፣ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው ማስመሪያ ይዞ ጎንበስ አለ። "20! ልክ 20!"

ይህን ጊዜ ነው ጎረቤታችን እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያዩኝ።

"አንተ ልጅ! በዚያ ወገብህ ምን ላይ ነው የወጣኸው?"

መልስ አልጠበቁም። የያዟትን የሃይላንድ ኮዳ ከፈቱና "በስመ አብ" ብለው ያን የበረደ ጠበል ከማጅራቴ እስከ ቀበቶዬ ለቀቁት። ኮርቻው ላይ ሁለት ጊዜ ዘለልኩ።

ጎሚስታው ዘይት ያረፈበትን ጉንጩን እየጠረገ እንደገና ጎንበስ አለ። ማስመሪያውን አስጠጋ።

"አሁን 60 ሆኗል" አለኝ። "ልጨምርልህ?"