ብርቱካን የአገር ስም ነው

ብርቱካን ማለት ፖርቱጋል ማለት ነው። ዐረቦች ፍሬውን «ቡርቱቃል» አሉት፤ በአንዳንድ አገር የአፍ ንግግር የመጨረሻው «ል» ወደ «ን» ዞሮ «ቡርቱቃን» ሆነ። እኛ የወሰድነው ይህንኛውን ነው።

የምሠራው ሮተርዳም አጠገብ ባለ የፍራፍሬ መጋዘን ውስጥ ነው። ብርዱ ሲገባ ከቫሌንሲያ የሚመጣው ካርቶን እስከ ጣሪያው ይደረደራል። የጭማቂ እሽጎች ላይ የሚታተመው ጽሑፍ በብዙ ቋንቋ ስለሆነ በእረፍት ሰዓት እያነበብኩ ቃሎቹን መልቀም ለመድኩ። አጠራሩ ሲጠፋኝ የሥራ ባልደረቦቼን እጠይቃለሁ፤ ከየአገሩ የመጡ ናቸው። ሮማንያዊው «ፖርቶካላ» አለኝ፤ ቡልጋሪያዊቷ «ፖርቶካል» አለች። እኔ ደግሞ «ብርቱካን» ስላቸው ቃሉን ደግሜ እንድልላቸው ጠየቁኝ፤ ዘመዳቸው መሆኑን ወዲያው አውቀውታል። ግሪኮች «ፖርቶካሊ» ይላሉ፣ ቱርኮች «ፖርታካል»፣ ጆርጂያዎች «ፖርቶኻሊ»። ጣልያን ውስጥ እንኳ በናፖሊዎች አነጋገር «ፖርቱዋሎ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ቀድሞ ገብቶ የነበረው መራራው ዓይነት ነው፤ ዛሬም በሴቪልና በአቴንስ ጎዳናዎች ዳር ተተክሎ የሚታየው እሱ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ሕንድ ከደረሰ በኋላ ጣፋጩን የምሥራቅ ዝርያ በሰፊው የነገዱት ፖርቱጋሎች ሆኑ። ገዢው አዲሱን ከአሮጌው ለመለየት በሻጮቹ አገር ስም ጠራው። ግሪኮች ሁለቱንም ስም እስከ ዛሬ ይዘዋል፤ መራራው «ኔራንድዚ»፣ ጣፋጩ «ፖርቶካሊ» ነው።

ፖርቱጋሎች ራሳቸው ግን ፍሬውን ፖርቱጋል ብለው አያውቁም። «ላራንዣ» ነው የሚሉት። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ ምጽዋ ላይ ወርዶ ግራኝ አሕመድን እንደወጋ ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። ብርቱካን የሚለው ቃል ከፖርቱጋል ጋር መገናኘቱን የሰማ ሰው ቃሉን እነዚያ ወታደሮች ጥለውልን የሄዱ ይመስለዋል። ከእነሱ ብንወስደው ኖሮ ዛሬ «ላራንጃ» የመሰለ ነገር ነበር የምንለው። የቃላችን መልክ ራሱ ይመሰክራል፤ ከወታደር ሳይሆን ከዐረብ ነጋዴ አፍ ነው የመጣው።

«ላራንዣ» የሚለው ደግሞ ከብርቱካን በጣም የቆየ ሌላ መንገድ አለው። በሳንስክሪት «ናራንጋ» ነው፤ ሳንስክሪትም ከደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች ሳይወስደው አልቀረም። ፋርሶች «ናራንግ»፣ ዐረቦች «ናራንጅ» አሉት። በዐረቦች እጅ ከመራራው ዛፍ ጋር ወደ ስፔንና ሲሲሊ ተሻገረ። እስፓንኛ «ናራንሃ» ብሎ «ና»ን ጠበቃት፤ ሃንጋሪኛም «ናራንች» ይላል። ጣልያንኛ ላይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተፈጸመ። «ኡና ናራንቻ» («አንድ ናራንቻ») ሲባል ሁለቱ «ና»ዎች ተጣበቁ፤ ሰሚው አንዷን ለቁጥሩ ትቶ «አራንቻ» የሚለውን ብቻ ወሰደ። የፈረንሳይኛው «ኦራንዥ» እና የእንግሊዝኛው «ኦሬንጅ» መነሻቸው ላይ የነበረችውን «ን» ያጡት በዚሁ መንገድ ነው። እንግሊዝኛ ራሱም በሌላ ቃል ላይ ይህንኑ አድርጓል፤ ሽርጥ ድሮ «ናፕረን» ነበር፣ ዛሬ «ኤፕረን» ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ያልወሰነው፣ ጆሮ ብቻ የቆረጠው ቃል ይህን ያህል አገር ማዳረሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ፖላንዶች «ፖማራንቻ»፣ ቼኮች «ፖሜራንች» የሚሉት የዚሁ «አራንቻ» ልጅ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለችው «ፖም» «ፖሞ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የቀረች ናት፣ ፍሬ ወይም ፖም ማለት ነው። በሰሜን ያሉት ሌላ መንገድ ያዙ። እዚህ ሆላንድ «ሲናስአፕል»፣ የቻይና ፖም፣ ይባላል። ከዚህ አካባቢ ወደቦች ቃሉ ከፍሬው ጋር ወደ ላይ ሄዶ ስዊድን «አፔልሲን»፣ ሩሲያም «አፔልሲን» ሆነ። ሩሲያና ቡልጋሪያ የቅርብ የቋንቋ ዘመዳሞች ናቸው፤ በብርቱካን ግን አንዷ ቻይና ስትል ሌላዋ ፖርቱጋል ትላለች። ፍሬው በሰሜን ባሕር መጣ ወይስ በደቡብ የሚለውን ከስሙ ማንበብ ይቻላል።

ሆላንዶች ፍሬውን በቻይና እየጠሩ፣ በየዓመቱ በንጉሡ ቀን ከራስ እስከ እግር ብርቱካናማ የሚለብሱት ለምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ያ ከፍሬው አልጀመረም። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ሮማውያን «አራውሲዮ» ይሏት የነበረች ከተማ አለች። ስሟ በሕዝብ አፍ እየተለወጠ ሄዶ ከፍሬው ስም ጋር ገጠመና «ኦራንዥ» ተባለች። ናሳው የሚባለው ቤት ልጅ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1544 ያንን ግዛት ወረሰ፤ በኋላም በስፔን ላይ የተነሣውን አመፅ መራ። የንጉሣዊው ቤት ስም ከዚያ ቀረ፤ ቀለሙ ደግሞ በድምፅ መመሳሰሉ ምክንያት ከስሙ ጋር ተጣበቀ። እንግሊዝኛም ቢሆን ለቀለሙ ስም ያገኘው ፍሬውን ካወቀ በኋላ ነው፤ እኛ «ብርቱካናማ» እንዳልነው ማለት ነው።

በጣም የምወደውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ካታላኖች ስላሉ ነው። ባርሴሎና ውስጥ ብርቱካን «ታሮንዣ» ይባላል። ይህ ከ«ናራንጅ» አልመጣም፤ ከዐረብኛው «ቱሩንጅ» ነው፣ ያም ወፍራም ልጣጭ ያለው፣ ትልቁ፣ ሽታው ቤት የሚሞላው ፍሬ ነው። እኛ እሱን «ትርንጎ» እንለዋለን፤ ለሴት ልጅም ስም እናወጣለታለን። እስፓንኛ ደግሞ ያንኑ ቃል «ቶሮንሃ» ብሎ ለግሬፕፍሩት ሰጥቶታል። አሁን የምፈልገው በየአካባቢው ያለውን አማርኛ ነው፤ ለመራራው ብርቱካን የተለየ ስም ያላችሁ፣ ከነሠፈሩ ጻፉልኝ።